የብሪታንያ እሑድ በሬዲዮ

በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በብሪታንያ እሑድ ጠዋት ሬዲዮ የከፈተ ሰው ብዙ የሚሰማው ነገር አልነበረውም። የቢቢሲ መሪ ጆን ሪት የስኮትላንድ ቄስ ልጅ ነበሩ፤ ሰንበት በአየር ላይም እንዲከበር አጥብቀው ይሹ ነበር። ስብከት፣ ጠንከር ያለ ንግግርና ክላሲካል ሙዚቃ ይፈቀዳል። ቀልድና የዳንስ ሙዚቃ ግን ለሌላ ቀን።

አድማጩ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ወደ ኖርማንዲና ወደ ሉክሰምበርግ ጣቢያዎች ዞረ። በማስታወቂያ የሚተዳደሩት እነዚህ ጣቢያዎች ከባሕር ማዶ በእንግሊዝኛ ዘፈንና ጨዋታ እያሰሙ የእሑድን አድማጭ ከቢቢሲ ነጠቁ። እንደ እውነቱ ከሆነ፣ የሪት ጥብቅነት ለተፎካካሪ የተሰጠ ስጦታ ነበር።

ሪት በ1938 ሥራቸውን ለቀቁ። ቢቢሲ በ1940 በጦርነቱ ጊዜ ለወታደሮች የከፈተው ፕሮግራም እሑድንም በቀላል ዝግጅቶች ሞላው፤ በጦር ሰፈር ለሰለቸው ወታደር ስብከት ብቻ አይበቃውምና።

ከ1967 ጀምሮ የንግግር ዝግጅቶች ዋና ቤት የቢቢሲ ሬዲዮ 4 ነው። የእሑድ ዝግጅቱ ብዙ ዓይነት ነው፦ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ ዜና፣ የአትክልተኞች ጥያቄና መልስ፣ እንግዳው 8 ሙዚቃዎችን መርጦ በምናቡ ወደ ሰው አልባ ደሴት የሚሄድበት ቃለ ምልልስ። የሳምንቱ የገጠር ሕይወት ድራማ «ዘ አርቸርስ»ም በአንድነት ይደገማል። በ1951 በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጀመር፣ ከዓላማዎቹ አንዱ ገበሬው ምርቱን እንዲያሳድግ ምክር ማድረስ ነበር። ሪት ያስከበሩት አምልኮም ቢሆን እሑድ ጠዋት እስከ ዛሬ ይተላለፋል።