ዕረፍት ከቀን መቁጠሪያ ወደ ደብተር

ሥራ እንቅልፋቸውን፣ ቤታቸውንና ወዳጆቻቸውን እየነጠቀ ላስመረራቸው ሰዎች ዛሬ ተደጋግሞ የሚሰጥ አንድ ምክር አለ፤ የወረቀት ደብተር ያዙ፣ ውሏችሁን ጻፉበት፣ የሥራውን ሰዓት ከቤቱ ሰዓት ለዩበት ይላል። ምክሩ አዲስ ፋሽን ይመስላል፤ ብዙዎችም የሥነ ልቦና ጉዳይ አድርገው ያዩታል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የታሪክ ጉዳይ ነው ባይ ነኝ። ሰው ሰዓቱን በግል ደብተር መመዘን የጀመረው ቀድሞ ዕረፍቱን ይጠብቅለት የነበረው የጋራ የቀን መቁጠሪያ ሲፈርስበት ነው። ይህ ካልታየ ደብተሩ ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን እንደማይችል መለየት አይቻልም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጋራ የቀን መቁጠሪያ ዕረፍትን እንዴት እንደሚጠብቅ ለመረዳት የኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በክርስቲያኑ ገጠር በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ነውና በሬ አይጠመድም። ገበሬው ‘ዛሬ ልሥራ ወይስ ልረፍ?’ እያለ ከራሱ ጋር ሲሟገት አይውልም። ቀኑ ወስኖለታል፤ በዓሉን ሽሮ እርሻ ቢወርድ ጎረቤት ይታዘበዋል። ተሐድሶ የሚባለው የሃይማኖት ለውጥ እስኪመጣ ድረስ እንግሊዝም ከዚህ ብዙ አትርቅም ነበር፤ ዓመቱ በቅዱሳን በዓላት የተከፋፈለ ነበር። ከዚያ በኋላ በዓላቱ እየተቀነሱ ሄደው፣ በመጨረሻ በጁን 1647 ፑሪታኖች የሚባሉት ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች የበዙበት ፓርላማ ገናን፣ ፋሲካንና ሌሎቹንም በዓላት በአዋጅ ሻረ። የቀረው እሑድ ብቻ ሆነ። አዋጁ ግን አንድ የሚያስገርም አንቀጽ ነበረው፤ በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ ለተማሪዎች፣ ለሙያ ተለማማጆችና ለአገልጋዮች የመዝናኛ ቀን እንዲሆን ፈቀደ። በዓልን የሻሩት ሰዎች ራሳቸው፣ ዕረፍት ከቀን መቁጠሪያው ሲወጣ ሌላ ቦታ ሊፈለግለት እንደሚገባ ተረድተው ነበር ማለት ነው። ባሕር ማዶ የነበሩት የሃይማኖት ዘመዶቻቸው የበለጠ ጠነከሩ፤ የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት በ1659 ገናን ያከበረ ሰው 5 ሺሊንግ እንዲቀጣ ደነገገ። ፊላደልፊያን የቆረቆሩት፣ ኩዌከር የሚባሉት የፕሮቴስታንት ወገኖችም ከሌላው ቀን የተለየ ቅዱስ ቀን አለ ብለው አያምኑም ነበር።

የ1647ቱ አዋጅ ሲወጣ፣ በኋላ በዕለት ማስታወሻው የታወቀው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ፒፕስ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። የፈረሰው ንጉሣዊ አገዛዝ በ1660 ሲመለስ በዓላቱም ተመለሱ፤ ያ ትውልድ ግን እያንዳንዱን ሰዓት በኅሊና ፊት የመቁጠር ልማድ ይዞ አድጓል። ፒፕስ በዚያው ዓመት በጃንዋሪ 1 የዕለት ማስታወሻውን ጀመረ። ለዓይኑ ፈርቶ በሜይ 1669 እስኪያቆም ድረስም በአጭር ጽሕፈት ስድስት ጥራዝ ሞላ። ሥራው በባሕር ኃይሉ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ጸሐፊነት ነበር። ወይንና ቲያትር ሥራውን እንደሚያበላሹበት ባየ ጊዜ፣ በ1661 መጨረሻ ላይ መሐላ ጽፎ ራሱን አሰረ፤ መሐላውን ቢያፈርስ ለድሆች ሣጥን ገንዘብ ይቀጣል። የጻፋቸውን መሐላዎች እሑድ እሑድ አውጥቶ ያነብባቸው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ማለዳ ተነሥቶ ቢሮ ይገባል፤ የማባዣ ሠንጠረዥ እንኳ ከአንድ መርከበኛ እየተማረ ነበር። እስከዚህ ድረስ ደብተሩ የሥራ አለቃ ነው፤ ፒፕስን ከጨዋታ እያወጣ ወደ ጠረጴዛው ይመልሰዋል።

ዓመታት እያለፉ ሲሄዱ ግን ያው ደብተር ወደ ሌላው ወገን አዘነበለ፤ ለዚህ ክርክር ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ይህ ይመስለኛል። በማርች 1666 ፒፕስ ሀብት ሲሰበስቡ ያያቸውን ሰዎች አስታውሶ፣ አብዛኞቹ በመሰብሰቢያው ዘመናቸው መደሰትን እንደሚረሱ፣ ሀብቱ ሲሞላላቸውም የመደሰቻው ዕድሜ እንደሚያልፍባቸው ጻፈ፤ ስለዚህም እርሱ አሁን ለደስታው ትንሽ ቦታ ለመስጠት መወሰኑን መዘገበ። ይህን ያለው ሥራ የጠላ ሰው አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ ቀኑን እየመዘገበ ስለኖረ፣ ምን ያህሉን ለቢሮ እንደሰጠ፣ ምን ያህሉ ለሙዚቃ እንደቀረ በዓይኑ ያየ ሰው ነው። በእሑድና በበዓል ይዞር የነበረው የሥራና የዕረፍት ሚዛን በአንድ ሰው ወረቀት ላይ ሲዞር እናያለን።

ከፒፕስ በኋላ ይህንኑ ሚዛን በሰሌዳ ያሰፈረው አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1706 ቦስተን ውስጥ ከፑሪታን ቤተሰብ ተወለደ፤ የማተሚያ ቤት የከፈተው በኩዌከሮቹ ከተማ፣ በፊላደልፊያ ነው። በግለ ታሪኩ እንደሚተርከው 13 ምግባሮችን መርጦ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ የሚሰጥ ትንሽ ደብተር ሠራ። በየሳምንቱ አንዱን ምግባር ዋና ትኩረቱ ያደርጋል፤ 13ቱ በዓመት አራት ጊዜ ይዞራሉ። ጥፋቱን በነጥብ ያመለክታል፤ ዙሩ ሲያልቅ ነጥቦቹን ይፍቃል፤ ከመፋቁ ብዛት ወረቀቱ ስለተበሳሳ በኋላ ወደ ዝሆን ጥርስ ገጾች አዛወረው። በደብተሩ ውስጥ የ24 ሰዓት ሰሌዳም ነበር። በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሣል፤ ከጧቱ 2 እስከ 6 ሰዓት ይሠራል፤ ሁለት ሰዓት ለምሳ፣ ለንባብና ሒሳብ ለማየት ይተዋል፤ ከ8 እስከ ማታ 12 ሰዓት እንደገና ይሠራል። ከዚያ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ለራት፣ ለሙዚቃ ወይም ለጨዋታ፣ ቀኑንም ለመመርመር ነው። የሥራው ድምር 8 ሰዓት ነው። ምሽቱ ከሥራ የተረፈ ትራፊ ሆኖ አልተተወም፤ እንደ ሥራው ሁሉ በቀለም የተጻፈ የራሱ ቦታ አለው። ፍራንክሊን ይህን ሥርዓት በመጠበቅ ብዙ ጊዜ እንደተሸነፈ አልደበቀም፤ ነጋዴ በደንበኞቹ ሰዓት እንደሚታዘዝም ጽፏል። ሆኖም በ1748፣ ገና በ42 ዓመቱ፣ ማተሚያ ቤቱን ለሸሪኩ ትቶ ከንግድ ወጣ፤ የኤሌክትሪክ ምርምሩና የሕዝብ አገልግሎቱም የሰፉት ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ፍራንክሊን ምሽቱን ለሙዚቃ ሊተው የቻለው ቤቱን ሌላ ሰው ስለያዘለት ነው። ሚስቱ ዲቦራ ጽሑፎችን ታጥፍና ትሰፋ፣ ሱቁን ትጠብቅ፣ ለወረቀት ሠሪዎች አሮጌ ጨርቅ ትገዛ እንደነበር ራሱ መስክሯል፤ በቤቱም በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። የእነርሱን 24 ሰዓት የሚያሳይ ሰሌዳ የለም። ስለዚህ የግል ደብተር የጌቶች ቅንጦት ነው ቢባል ግማሽ እውነት አለው። ግማሽ ብቻ የምለው ስለ ማርታ ባላርድ ስለምናውቅ ነው። ባላርድ በዛሬዋ ሜይን ግዛት፣ በኬንቤክ ወንዝ ዳር የምትኖር አዋላጅ ነበረች። ከ1785 እስከ 1812፣ 27 ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል ስትጽፍ 816 ልደቶችን መዝግባለች። ከልደቶቹ ጎን የጓሮ አትክልቱ፣ የሴት ልጆቿ ሽመና፣ የተከፈላት ዋጋ፣ ቤት መዋል አለመዋሏ ሁሉ አለ። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ተራ ዝርዝር ነው ብለው ንቀውት ነበር። ሎረል ታቸር ኡልሪክ በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ ግን ዋናው ነገር ዝርዝሩ ውስጥ መሆኑን አሳየች፤ መጽሐፉም በቀጣዩ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ልጆቿ ተድረው ሲወጡ የቤቱ ሸክም በባላርድ ላይ እንዴት እንደወደቀ፣ እያረጀች ስትሄድ ማዋለዱና ልብስ ማጠቡ እንዴት እንደተጋፉባት የምናውቀው ከዚያ ተራ ዝርዝር ነው። ለዲቦራ ያልተጻፈው ለማርታ ተጽፏል፤ የጻፈችውም ራሷ ናት።

ሌላም ተቃውሞ አለ። የፍሎረንስ ነጋዴዎች ከፒፕስ ብዙ ዘመን ቀድመው፣ በዓላት በሞሉበት የካቶሊክ ከተማ፣ የቤተሰብ መዝገብ ይይዙ ነበር፤ የጃፓን ቤተ መንግሥት ሴቶችም ከእነርሱ በፊት የዕለት ማስታወሻ ጽፈዋል። ይህ እውነት ነው፤ እኔም ውሎን መጻፍ ከበዓላት መሻር ተወለደ አልልም። የፍሎረንሱ መዝገብ ንብረትን፣ ጋብቻንና ልደትን ያቆያል፤ የጃፓኑ ትዝታንና ስሜትን። ሰዓትን ለሥራና ለሌላው ኑሮ እያካፈሉ መመዘን የተለየ ተግባር ነው፤ የወረቀት መርከስና የሰዓት መስፋፋት እንደረዱት ባይካድም፣ እስካሁን የጠቀስኳቸው ሦስቱም ባለ ደብተሮች፣ ፒፕስ፣ ፍራንክሊንና ባላርድ፣ የኖሩት የበዓላት ቀን መቁጠሪያ በተገፋበት ማኅበረሰብ ውስጥ መሆኑ በአጋጣሚ የሚታለፍ አይመስለኝም።

ባላርድ የመጨረሻውን መሥመር በጻፈችበት በ1812 ጆን ሌትስ የሚባል የለንደን የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ቀኖቹ አስቀድመው የታተሙበት የዓመት ማስታወሻ ለገበያ አቀረበ። ከዚህ በኋላ ገጹ ስላለፈው ቀን ብቻ ሳይሆን ስለሚመጣውም መናገር ጀመረ፤ መርከብ የሚጠብቅ ነጋዴ የመግቢያና የመውጫ ቀን ይጽፍበታል። በዚያው ዘመን የቀሩትም በዓላት እየረገፉ ነበር። የእንግሊዝ ባንክ በዓመት ከ30 በላይ በዓላት ያከብር የነበረ ሲሆን፣ በ1834 ወደ አራት ዝቅ አደረጋቸው። የፋብሪካ ሠራተኛው ሰዓት ደግሞ በአሠሪው መዝገብ፣ ከ1880ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም በመግቢያና መውጫ ሰዓት መመዝገቢያ ማሽን፣ ይያዝ ጀመር። የዛሬው የቢሮ አጀንዳ የዚህ መሥመር ልጅ ነው። በ1984 በአሜሪካ የወጣው ታዋቂው የዕቅድ ደብተር ስሙን ከፍራንክሊን ወስዷል፤ በአብዛኛው የቢሮ አጀንዳ ገጽ ላይ ግን ሰዓቱ በሥራ መግቢያ ተጀምሮ በሥራ መውጫ ግድም ያበቃል። የፍራንክሊን ምሽት፣ ራቱና ሙዚቃው፣ መሥመር አልተሰመረላቸውም። በአዲስ ዓመት ከባንክና ከድርጅት በስጦታ የሚመጣው አጀንዳም፣ አርማው በሽፋኑ ላይ የታተመ፣ በዚሁ ቅርጽ የተሠራ ነው። ደብተር ሥራን ከኑሮ ጋር ያስማማል የሚሉ ሰዎች ይህን ልዩነት ሲዘሉት አዝናለሁ። ለሥራ የተሰመረ ገጽ ሰውየውን መልሶ ለሥራ ይሰጠዋል።

ከሁሉ የጠነከረው ተቃውሞ የሚመጣው ከሠራተኛ ማኅበራት ወገን ነው። የ8 ሰዓት ሥራ የመጣው በትግልና በሕግ ነው፤ በ1919 የዓለም ሥራ ድርጅት የመጀመሪያው ስምምነት ለኢንዱስትሪ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ወሰነ፤ የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ይህንኑ ልክ ይዟል። እንግዲህ ደብተር ግዛ ማለት የሕግን ዕዳ በሠራተኛው ትከሻ ላይ መጣል አይደለምን? ሕጉ በሌለበት ወይም በማይከበርበት ቦታ፣ አዎን፣ ነው። ነገር ግን ሕጉም ያለ ጽሑፍ እንደማይቆም ፍርድ ቤቶች ራሳቸው አይተዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1946፣ በሚሺጋን የሸክላ ፋብሪካ ሠራተኞች ጉዳይ፣ አሠሪው ትክክለኛ የሰዓት መዝገብ ሳይዝ ከቀረ ሠራተኛው የሠራውን ያህል በምክንያታዊ ግምት ማስረዳት እንደሚበቃው ወሰነ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በሜይ 2019 አሠሪዎች የየቀኑን የሥራ ሰዓት የሚለካ ሥርዓት እንዲዘረጉ መንግሥታት ማስገደድ አለባቸው አለ፤ ካልተመዘገበ መብቱ መጣሱ አይታወቅምና። በየቀኑ የገባበትንና የወጣበትን በገዛ እጁ የጻፈ ሠራተኛ በእንዲህ ያለ ክርክር ባዶ እጁን አይቀርብም። የሕግና የደብተር ጉዳይ እዚህ ላይ አንድ ይሆናል።

ስልኩ ይህን ሁሉ አይሠራም ወይ ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ስልክ ይመዘግባል፤ ግን የአለቃው መልእክት የሚገባው በዚያው ገጽ ላይ ነው። በወረቀት መጻፍ ምሽቱን ሊያረጋጋ እንደሚችልም ፍንጭ አለ፤ በ2018 በወጣ፣ አሜሪካ ውስጥ በ57 ወጣቶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከመተኛታቸው በፊት ለ5 ደቂቃ የነገ ተግባራቸውን በወረቀት የጻፉት፣ የተጠናቀቀ ሥራቸውን ከጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ብዙ አልጭንበትም። ፍራንክሊን ቀኑን ለመመርመር ምሽቱን መምረጡን ለማስተዋል ግን ይረዳል።

ጉዳዩ የቅርብ ጉዳያችንም ነው። ከአገር የወጣ ሰው የጋራ ቀን መቁጠሪያውን ጥሎ ነው የወጣው። በዋሽንግተን መስቀል የሥራ ቀን ነው፤ ጥምቀትም እንደዚሁ፤ ሰንበት እንኳ በሆስፒታልና በአውቶቡስ መሪ ላይ ፈረቃ አለው። 21ኛዋን ቀን የሚያስታውስለት ጎረቤት የለም። እንዲህ ያለ ሰው በመስከረም አዲስ ደብተር ሲገዛ መጀመሪያ መጻፍ ያለበት በዓላቱን፣ የልጆቹን ቀኖችና ከቤቱ የማይወጣባቸውን ምሽቶች ነው፤ ፈረቃውን በተረፈው ቦታ ይጻፍ። የፈረቃው ድልድል ሳይወጣ ፈቃድ የሚጠይቅባቸው ቀኖች በጽሑፍ በእጁ ይኖራሉ፤ ዓመቱ ሲያልቅም ስንቱን እንደተሰጠ፣ ስንቱን እንደተከለከለ ገጹን ገልጦ ይቆጥራል።