በርሜል ያፈነዳው ሰውዬ

ዛሬ ስለ አንድ ስህተቴና ስለ አንድ የድሮ ፈረንሳዊ ልጽፍ ነው።

ከዓመታት በፊት ስለ ፈሳሽ ግፊት ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ግፊቱ እኩል ከሆነ ሰፊው ቧንቧ ከጠባቡ የበለጠ መወፈር አለበት?» አለኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ «ግፊቱ እኩል እስከሆነ ድረስ ለውጥ የለውም» ብዬ አለፍኩ። ልጁም ተቀመጠ።

ባለፈው ሳምንት ይኸው ልጅ፣ ዛሬ የምህንድስና ተማሪ ሆኖ፣ በቴሌግራም በኮምፒውተር የሠራውን ባለቀለም ሥዕል ላከልኝ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ውሃው የሚገባበት ፍጥነትና የሚወጣበት ግፊት ይሰጣል። ኮምፒውተሩ ውሃው ግድግዳውን በየቦታው ስንት እንደሚገፋ ያሰላል። ያ ግፊት ጫፎቹ በታሰሩት ቧንቧ ላይ ይጫንና ግድግዳው ምን ያህል እንደሚለጠጥ ይታያል። ለብረት አንድ ዙር ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ለጎማ ግን የተለወጠው ቅርፅ ወደ ውሃው ተመልሶ ሁለቱ እስኪስማሙ ስሌቱ ይደጋገማል።

ሥዕሉ ላይ ሁለት ቧንቧዎች አሉ። ግፊታቸው እኩል፣ ውፍረታቸው እኩል። ሰፊው ቀልቷል። ከሥሩ «ቲቸር፣ ለውጥ አለው» ይላል።

አፈርኩ። ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ።

ለካ ጥያቄው ከ300 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው! የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ለቬርሳይ ቤተ መንግሥት ውሃ ሲያስመጣ፣ የቧንቧውን ጉዳይ ያጠናው ኤድም ማርዮት ነበር። በጋዝ ሕግ ከቦይል ጋር ስሙ የሚነሳው ሰው ማለት ነው። ኮምፒውተር የለ፣ ምን የለ። አንድ በርሜል ወሰደ፣ ረጅም ቀጥ ያለ ቧንቧ ገጠመበት፣ ውሃውን ከፍ እያደረገ ሞላ፤ በርሜሉ ፈነዳ። ከዚህ ተነስቶ የቧንቧ ውፍረት ከግፊቱም ከስፋቱም ጋር እኩል ማደግ አለበት አለ። በ1684 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ ስለ ውሃ እንቅስቃሴ የጻፈው መጽሐፍ የታተመው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቧንቧውን በሐሳባችሁ ለሁለት ሰንጥቁት። ውሃው ሁለቱን ግማሾች ለመለያየት የሚገፋበት ስፋት ከቧንቧው ስፋት ጋር ያድጋል፤ የሚይዙት ግን ያው ሁለት ግድግዳዎች ናቸው። ግፊቱ 5 ባር፣ ውፍረቱ 5 ሚሊሜትር ይሁን። የ200 ሚሊሜትሩ ቧንቧ ግድግዳ 100 ባር ይወጠራል፤ የ400ው 200 ባር።

ለልጁ ደውዬ «ልክ ነህ፣ ግን ቀለሙን ከማመንህ በፊት በእጅህ አስላው» አልኩት። ሳቀና «እሱንማ መጀመሪያ ነው ያደረግኩት፣ ቲቸር» አለኝ።

ሰኞ ክፍል ስገባ መጀመሪያ የማርመው የራሴን መልስ ነው። ያኔ የሰሙኝ ሌሎቹ ተማሪዎቼም እዚህ ካላችሁ፣ ይኸው ታረመ።

ቸር ሰንብቱ።