ከአስከሬን ምርመራ ወደ ሕክምና ክፍል፦ የአንጎል ምስልና የዲሜንሺያ ምርመራ ታሪክ



ዛሬ የምናገረው ሐኪሞች በሕይወት ያለ ሰው አንጎል ውስጥ ያለውን ሕመም ለማየት መቶ ዓመት ያህል ስላደረጉት ጥረት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ አንድ የቋንቋ ነገር ላንሣ። በአማርኛ «የመርሳት በሽታ» ስንል ሁለት ነገሮችን በአንድ ስም እንጠራለን። አንደኛው ዲሜንሺያ ነው፤ ይህም የማስታወስ፣ የማሰብና ራስን የማስተዳደር ችሎታ የዕለት ኑሮን እስኪያውክ ድረስ መድከም ነው፤ ከብዙ ምክንያቶች ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛው አልዛይመር ነው፤ ከእነዚያ ምክንያቶች ዋነኛው የሆነ፣ ራሱን የቻለ በሽታ። «ጃጀ» የሚለው የቆየ ቃላችን ደግሞ ሁለቱንም ከእርጅና ጋር ቀላቅሎ ያልፋቸዋል። ቋንቋችንን መውቀሴ አይደለም፤ የአውሮፓም ሕክምና ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ቀላቅሎ ኖሯል። የአንጎል ምስል ታሪክ በአመዛኙ እነዚህን የመለየት ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ።

በኖቬምበር 1901 አውጉስተ ዴተር የተባለች የ51 ዓመት ሴት በፍራንክፈርት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች። ሐኪሟ አሎይስ አልዛይመር ስሟን እየጠየቀ፣ ዕቃ እያሳየ፣ መልሷንም እየጻፈ ተከታተላት። በኤፕሪል 1906 ስትሞት እርሱ ወደ ሙኒክ ተዛውሮ ስለነበር አንጎሏ ወደዚያ ተላከለት። በብር ማቅለሚያ አዘጋጅቶ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት በሕዋሳቱ መካከል የተከማቹ ጉድፎችን፣ በሕዋሳቱ ውስጥም የተጠላለፉ ክሮችን አገኘ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 3 ቀን ግኝቱን በቱቢንገን ጉባኤ ሲያቀርብ ከተሰብሳቢዎቹ ጥያቄ ያነሣ አልነበረም። ግኝቱ ለሐኪሞች ትልቅ ችግር አወረሰ፤ የበሽታው ማስረጃ በራስ ቅል ውስጥ የተዘጋ ነውና ሊታይ የሚችለው ታካሚው ከሞተ በኋላ ብቻ ነበር።

ተራ ራጅ አጥንትን እንጂ አንጎልን አይለይም። አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዋልተር ዳንዲ በ1918 እና በ1919 በአንጎል ክፍተቶች ያለውን ፈሳሽ ቀድቶ በምትኩ አየር በማስገባት ክፍተቶቹ በራጅ እንዲታዩ አደረገ። ታካሚዎች በከባድ ራስ ምታትና ትውከት ይሠቃዩ ነበር። የሚታየውም የባዶው ቦታ ቅርጽ ነበር፤ ክፍተቱ ሰፍቶ ሲገኝ አንጎሉ መሟሸሹን ሐኪሙ ይገምታል።

ሥቃዩ የቀረው ኦክቶበር 1 ቀን 1971 በለንደን ዊምብልደን በነበረው የአትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል የመጀመሪያዋ ታካሚ በሲቲ ስካን ስትመረመር ነው። መሣሪያውን የፈለሰፈው መሐንዲሱ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ከአለን ኮርማክ ጋር በ1979 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሲቲ ስካን ግን አልዛይመርን አላሳየም። የአንጎል መሟሸሽ በጤነኛ አረጋውያንም ይታያል፤ የሁለቱ ወሰን ይደራረባል። ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነበር፦ ዲሜንሺያ የሚመስሉ፣ ነገር ግን ሊታከሙ የሚችሉ ሕመሞችን ማግኘት። አንድ ሽማግሌ ወድቀው ጭንቅላታቸውን ከመቱ በኋላ ከሳምንታት ቆይታ በራስ ቅላቸው ሥር የተጠራቀመ ደም እንደ ጃጁ ሊያስቆጥራቸው ይችላል። በ1965 ኮሎምቢያዊው ሳሎሞን ሃኪምና ሬይመንድ አዳምስ የገለጹት የአንጎል ፈሳሽ መጠራቀምም አረማመድን ያውካል፣ ሽንት መቆጣጠርን ያሳጣል፣ ማስታወስን ያደክማል፤ ፈሳሹን በቱቦ በማስወጣት ግን ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ ይሻላቸዋል። ተማሪዎች ስለ አዳዲስ መሣሪያዎች ሲጠይቁኝ ወደዚህ ምዕራፍ እመልሳቸዋለሁ። ለታካሚው ከሁሉ የሚበልጠው ምስል አልዛይመር አለመሆኑን የሚያሳየው ሊሆን ይችላልና።

በ1984 በአሜሪካ የወጣው የምርመራ መስፈርት ይህን ውስንነት በግልጽ አምኗል። ሐኪም በሕይወት ስላለ ሰው «ምናልባት» ወይም «ሳይሆን አይቀርም» ማለት ይችላል፤ «በእርግጥ አልዛይመር ነው» ለማለት ግን የአንጎል ሥጋ በማይክሮስኮፕ መታየት ነበረበት። ኤምአርአይ ሲስፋፋ ነገሩ ተሻሻለ። በ1992 ፊሊፕ ሼልተንስና ባልደረቦቹ ለማስታወስ ወሳኝ የሆነው ሂፖካምፐስና አካባቢው ምን ያህል እንደሟሸሸ ከ0 እስከ 4 በዓይን የሚመዘንበትን ዘዴ አቀረቡ። የሠለጠነ ዓይን እንጂ ሌላ መሣሪያ የማይጠይቅ በመሆኑ እጅግ እወደዋለሁ፤ ኤምአርአይ ባለበት ሆስፒታል ሁሉ ነገውኑ ሊሠራበት ይችላል።

ጉድፎቹን ራሳቸውን ማየት የተቻለው በኬሚስትሪ ነው። በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ክለንክና ቼስተር ማቲስ ቲዮፍላቪን የተባለውን የላቦራቶሪ ማቅለሚያ ወደ አንጎል ሊገባ በሚችል መልክ ለወጡት፤ ከጨረር አመንጪ ካርቦን ጋርም አያያዙት። የጉድፎቹ ዋና አካል ከሆነው አሚሎይድ ጋር ይጣበቃል፤ ፔት ስካንም ጨረሩን ተከትሎ ቦታውን ያሳያል። ከስዊድን ኡፕሳላ ባልደረቦቻቸው ጋር በመተባበር በ2002 ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ሞከሩት፤ የ16 ታካሚዎችንና የ9 ጤነኞችን ውጤት በ2004 አሳተሙ። የአስከሬን ምርመራ ማስረጃ ታካሚው በሕይወት እያለ ታየ ማለት ነው። ይሁንና የካርቦኑ ጨረር በየ20 ደቂቃው በግማሽ ስለሚቀንስ ማምረቻው ከሆስፒታሉ አጠገብ መሆን ነበረበት። ግማሹ እስኪቀንስ 110 ደቂቃ የሚቆይ ፍሎሪን ያለበት ፍሎርቤታፒር በ2012 በአሜሪካ ሲፈቀድ ይህ መሰናክል ተቃለለ።

ከዚህ በኋላ ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀው ነገር ተከሰተ። በ2013 የአሜሪካ አረጋውያንን የሕክምና ወጪ የሚሸፍነው ሜዲኬር የፔት ስካኑን ዋጋ በጥናት ውስጥ ላሉ ሰዎች ካልሆነ በቀር አልከፍልም አለ። ምስሉ አሚሎይድን በትክክል ማሳየቱን አልተጠራጠረም፤ የጠየቀው ታካሚው ምን ይጠቀማል ብሎ ነው። ብዙ ሐኪሞች ውሳኔውን እንደ ስስት ቆጠሩት። እኔ ግን ጥያቄው አስቀድሞ ከሐኪሞች ሊመጣ ይገባው ነበር እላለሁ። መልስ ለማግኘት በተካሄደው ጥናት ሐኪሞች ከምስሉ በፊት ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ፣ ከምስሉ በኋላም ምን እንዳደረጉ መዘገቡ። በ2019 በታተመው ውጤት ከ11,409 ታካሚዎች መካከል ከ60 በመቶ በላይ ለሚሆኑት የሕክምናው ዕቅድ ተቀየረ። አልዛይመር ነው የተባለው ምርመራ ወደ ሌላ የተለወጠላቸው 25 በመቶ ያህል ነበሩ። በኋላ የወጣው ሁለተኛ ክፍል ግን የሆስፒታል መግባት በታቀደው መጠን እንዳልቀነሰ አሳየ። የክፍያው ገደብ በ2023 ተነሣ፤ በዚያው ዓመት አሚሎይድን የሚያጸዳው ሌካኔማብ ሙሉ ፈቃድ አግኝቶ ነበርና። መድኃኒቱን ለመጀመር የአሚሎይድ መኖር መረጋገጥ አለበት፤ ከተጀመረም በኋላ የአንጎል እብጠትና መድማት እንዳይፈጠር በኤምአርአይ መከታተል ግዴታ ነው።

አሁን ያለው ክርክር ስለ በሽታው ስም ነው። በ2015 የታተመ ሰፊ ትንታኔ እንዳመለከተው የማስታወስ ችግር ከሌለባቸው ሰዎች መካከል በአንጎላቸው አሚሎይድ የሚገኝባቸው በ50 ዓመት ዕድሜ 10 በመቶ፣ በ90 ዓመት ደግሞ 44 በመቶ ያህል ናቸው። በ2024 በአሜሪካ የአልዛይመር ማኅበር የተሰባሰቡ ባለሙያዎች በሽታው በሥነ ሕይወታዊ ማስረጃ ብቻ ይሰየም አሉ። ሌላ ዓለም አቀፍ ቡድን በዚያው ዓመት ተቃወመ፤ ምልክት የሌለው ሰው ለአደጋ የተጋለጠ እንጂ በሽተኛ ተብሎ መጠራት የለበትም ሲል ጻፈ። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ቤቱን የሚመራ፣ ገንዘቡን የሚቆጥር፣ የልጅ ልጆቹን ስም የሚያውቅ ሰው በምስል ብቻ ሕመምተኛ ሲባል በሥራው፣ በቤተሰቡና በራሱ ግምት ላይ የሚወድቀውን ጉዳት የሚያካክስ ሕክምና እስካሁን በእጃችን የለም። የመጀመሪያውን ወገን የሚደግፉ የሥራ ባልደረቦቼ በዚህ አዳራሽ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ስለዚህ መድረኩን ለእነርሱና ለጥያቄዎቻችሁ እለቃለሁ።