የዳችስ ላሞች ዘርና የመካንነታቸው ታሪክ

በእንግሊዝ አገር የከብት እርባታ በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አዲስ ፈሊጥ ያዘ። ከዚያ አስቀድሞ የብዙ ሰው ከብት በወል መስክ በአንድነት ይሰማራ ስለ ነበር፥ ኮርማውን ከላሚቱ የሚያገናኘው በአብዛኛው አጋጣሚ ነበር። የሌስተርሻየሩ ገበሬ ሮበርት ቤክዌል (1725–1795፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ግን በዲሽሊ እርሻው ወንዱን ከሴቱ ለይቶ እያሰማራ፥ የወደደውን መልክ ያሳዩትን እንስሶች ከቅርብ ዘመዶቻቸው ጋራ ያራባ ጀመር። ዓላማው መንጋው ሁሉ አንድ ዐይነት ቁመና እንዲኖረውና ይኸው ቁመና ሳይዛነፍ ወደ ልጅ እንዲተላለፍ ነበር። እስከ ሰባት ቤት ዘር ቈጥሮ ለሚጋባ ሕዝብ ነገሩ ለጆሮ የሚከብድ ነው።

የቤክዌልን ሥርዐት ወደ ሰሜን የወሰዱት በዳርሊንግተን አጠገብ ይኖሩ የነበሩት ቻርልስና ሮበርት ኮሊንግ የተባሉ ወንድማማች ናቸው። እነርሱም ሾርትሆርን፥ ማለት አጭር ቀንድ፥ የሚባለውን የከብት ዘር አቀኑ። ፌቮሪት የተባለው ኮርማቸው ከገዛ እናቱ ከፊኒክስ ጊደር ወለደ፤ ያችው ጊደር ደግሞ አድጋ ከአባቷ ከፌቮሪት ፀነሰችና በ1804 ኮሜት የተባለውን ኮርማ ወለደች። ቻርልስ ኮሊንግ በ1810 መንጋውን በጨረታ ሲሸጥ አራት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ኮሜትን በ1,000 ጊኒ ገዙት።

በዚያው ጨረታ ላይ ቶማስ ቤትስ (1775–1849) አንዲት የኮሜት ልጅ በ183 ጊኒ ገዛ። የዚች ጊደር እናት ደግሞ የፌቮሪት ልጅ ነበረች። ስሟም ዳችስ፥ የመስፍን ሚስት ማለት ነው፤ ከእርሷ በእናት በኩል የሚወለዱት ሴቶች ሁሉ በዚሁ ስም በተራ ቍጥር ተጠሩ። ቤትስ በእነዚህ ላሞች እጅግ የሚኰራና በክርክር የማይበገር ሰው ነበር። ቻርልስ ዳርዊን በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፥ ቤትስ ለ13 ዓመት እጅግ በቅርብ ዘመዳሞች መካከል ካራባ በኋላ፥ በሚከተሉት 17 ዓመታት ሦስት ጊዜ የውጭ ደም አስገባ። ምክንያቱም የላሞቹን መልክ ለማሻሻል ሳይሆን የመውለድ ኀይላቸው ስለ ቀነሰ ነበር ይባላል።

ላሞቹ የመከኑት ለትርኢት እጅግ እየደለቡ ስለሚያዙ ነው የሚል ሌላ ምክንያት ማቅረብ ይቻላል። ከመጠን ያለፈ ስብ ፅንስን እንደሚያሰናክል እርግጥ ነውና ይህ ከንቱ ክርክር አይደለም። ነገር ግን የቤትስ የገዛ ሥራ ከክርክሩ ይልቅ ይመሰክራል፤ በዘሩ ንጽሕና የሚመካ ሰው ችግር ካላስገደደው በቀር የሌላ ሰው ኮርማ በበረቱ አያስገባም። በ1831 የገዛው ቤልቬዴር የተባለው ኮርማ እንኳ ለመንጋው ፈጽሞ ባዕድ አልነበረም። ከዚያም ቤትስ ወደ ልማዱ ተመልሶ ቤልቬዴርን ከገዛ ልጁ ከ34ኛዋ ዳችስ ጋራ አገናኘ፤ የተወለደውም ዱክ ኦቭ ኖርዘምበርላንድ በ1839 በኦክስፎርድ ትርኢት ተሸላሚ ሆነ። አርባ ዓመት በሚያህል ጊዜ ውስጥ የዳችሶቹ ተራ ቍጥር ከ64 አላለፈም፤ ቤትስ ሞቶ መንጋው በ1850 ሲሸጥም በሕይወት የተገኙት ሴቶች ስምንት ብቻ ነበሩ።

የነገሩ እንግዳነት ከዚህ ይጀምራል። መካንነት ላሞቹን ብርቅ አደረጋቸው፤ ብርቅነታቸውም ዋጋቸውን ሰቀለው፤ ዋጋውም ዘሩን ከሌላ እንዳይቀላቅሉ ባለቤቶቹን አስገደደ። ጆርጅ ኮትስ በ1822 ያሳተመው የከብት የትውልድ መዝገብ ለዚህ መሣሪያ ሆነ፤ ገዢው ከላሚቱ ማሕፀን ይልቅ መዝገቡን ይመረምር ነበርና። በመስከረም 1873 በአሜሪካ ኒው ዮርክ ሚልስ በተደረገው ጨረታ 109 ከብቶች ከ380,000 ዶላር በላይ ሲያወጡ፥ 8ኛዋ የጄኔቫ ዳችስ ብቻዋን በ40,600 ዶላር ተሸጠች።

ይህ ሁሉ የሆነበትን መንገድ ያስረዳው የ20ኛው መቶ ዓመት የዘር ጥናት ነው። ጐጂው የዘር ቅንጣት ከአንድ ወላጅ ብቻ ሲመጣ ብዙ ጊዜ በደኅናው ተሸፍኖ ይቀራል፤ ወላጆቹ ዘመዳሞች ሲሆኑ ግን ያው ቅንጣት ከሁለቱም ወገን መጥቶ ጕዳቱ ይገለጣል። አሜሪካዊው ሊቅ ስዋል ራይት በ1922 ይህን የሚለካ ስሌት አውጥቶ የኮሜትን መጠን 47.1 ከመቶ አገኘው፤ ዘመዳም ካልሆኑ ወላጆች የተገኙ ወንድምና እኅት ቢጋቡ የልጃቸው መጠን 25 ከመቶ ነው። በሚቀጥለውም ዓመት የዳችስን ቤተሰብ ለብቻው መረመረ። መውለድ በብዙ ቅንጣቶች ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ከሌላው ጠባይ አስቀድሞ ይጐዳል። አርቢው ደግሞ የሚመርጠው በጀርባ ቅናት፥ በሥጋና በጠጕር ቀለም ነበር፤ ያልወለደችና ያልታለበች ላም ሥጋዋን ስለማታጣ በትርኢት ሜዳ ከወላዲቱ የበለጠች መስላ ትታያለች። ስለዚህ ዳኞቹ ሳያውቁ ለመካኒቱ ይፈርዱ ነበር ቢባል ግፍ አይሆንም።

በዚያው ዘመን በስኮትላንድ አበርዲንሻየር አሞስ ክሩክሻንክ (1808–1895) የዘር ሐረግን ዝና ሳይከተል፥ በአካል የወደደውን ከብት ከየስፍራው እየገዛ በሲቲተን እርሻው ያራባ ነበር። በ1859 የተወለደለት ቻምፒየን ኦቭ ኢንግላንድ የተባለው ኮርማ የመንጋው ምሰሶ ሆነ፤ የቤትስ ዘር ዝናው ሲወድቅም የሾርትሆርን አርቢዎች ፊታቸውን ወደ ሲቲተን መለሱ። ክሩክሻንክ ግን ይህን ኮርማ ካገኘ በኋላ የእርሱን ልጆችና የልጅ ልጆች እርስ በርሳቸው ማዳቀል ጀመረ።