ቤት ለመግዛት ሲታሰብ የትኛው መስፈርት ይቅደም?

በአዲስ አበባ ቤት ለመግዛት ገንዘብ ያጠራቀመ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ሁለት አማራጭ ይቀርብለታል፤ ከከተማዋ ዳር ያለ ሰፊ ቤት ወይም ለመሀል የቀረበ ጠባብ ቤት። ሁሉንም መስፈርት እኩል መመዘን ምርጫውን ያከብደዋል። ከግዢ በኋላ ሊለወጥ የማይችለው ጉዳይ መጀመሪያ፣ በጊዜና በገንዘብ የሚስተካከለው ደግሞ መጨረሻ ቢታይ ውሳኔው ይቀላል።

ሰነድ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። ገዢው የሚያገኘው የቤቱን ባለቤትነትና በመሬቱ የመጠቀም መብት ነው። ይዞታው በሊዝ ከሆነ ቀሪ ዘመኑና ያልተከፈለ ዕዳ መኖሩ ይጣራል።

ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን ካርታውን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ሻጩ የሚያሳየው ቅጂ በቂ አይደለም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የጋራ ቤት ለመሸጥ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ግድ ነው። በዕጣ የተላለፈ ኮንዶሚኒየም ሲሆን የ5 ዓመት የሽያጭ ገደቡ ማብቃቱ ይታያል።

የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ እንዲመዘገብ ያዛል። በመንደር ውል ብቻ ገንዘብ የከፈለ ሰው ክርክር ቢነሳ ቤቱንም ገንዘቡንም ለአደጋ ያጋልጣል። በውጭ አገር ሆኖ በዘመድ በኩል የሚገዛ ሰውም ውክልናው ምን እንደሚፈቅድና ቤቱ በማን ስም እንደሚመዘገብ አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል።

ቦታ

ከሥራና ከትምህርት ቤት ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም። ጠዋት በሥራ መግቢያ ሰዓት መንገዱን አንድ ሁለት ቀን ተጉዞ ማየት የተሻለ ግምት ይሰጣል።

ለመሀል ከተማ መቅረብ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ሳቢያ ፒያሳን በመሰሉ ነባር ሰፈሮች ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎች ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛውረዋል። የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን ቦታውን ለምን አገልግሎት እንደመደበው መጠየቅ ከቅድመ ክፍያ በፊት የሚደረግ ሥራ ነው።

ውሃና ፎቅ

በ20/80 መርሐ ግብር ከተገነቡት ሕንጻዎች ብዙዎቹ ባለ አራት ፎቅና አሳንሰር የሌላቸው ናቸው። አራተኛ ፎቅ ለወጣት ጥንዶች ላያስቸግር ይችላል፤ አዛውንት ወይም ሕፃን ላለበት ቤት ግን የየዕለት ፈተና ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት አካባቢ ግፊቱ ላይኛው ፎቅ መድረሱንና ሮቶ ማስቀመጫ ቦታ መኖሩን ከጎረቤት መጠየቅ ይገባል።

ዋጋ

የቤት ዋጋ ሻጩ በጠራው ገንዘብ አያበቃም። የስም ማዛወሪያ ክፍያ፣ የቴምብር ቀረጥ፣ የባንክ ወለድ፣ የማጠናቀቂያ ሥራና የጋራ ሕንጻ መዋጮ ይጨመሩበታል። ግንባታው ያላለቀ ቤት ሲገዛ እስከ ርክክቡ የሚከፈለው የቤት ኪራይም የወጪው አካል ነው።

የሁለቱም ቤቶች ሰነድ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ቀሪው ምርጫ በቤተሰቡ ኑሮ ይወሰናል። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚመላለሱ ቤተሰብ ለቅርበት፣ ወላጆቹን አብሮ የሚያኖር ደግሞ ለክፍል ብዛትና ለምድር ቤት ቅድሚያ ቢሰጥ ያዋጣዋል። የግድግዳ ቀለም፣ የወለል ንጣፍና የወጥ ቤት ቁም ሣጥን በኋላ ሊቀየሩ ስለሚችሉ ዓይን ቢስቡም ውሳኔውን መምራት የለባቸውም።