ወጌሻ፣ ሸንበቆና ጀሶ

ሰቆጣ የአሞሌ ጨው ገበያ በነበረችበት ዘመን፣ ከአፋር በረሃ የተጫነው ጨው የዋግን ዳገትና ቁልቁለት እያለፈ ይደርስ ነበር። በዚያ መንገድ እግሩ ያዳለጠው ወይም በቅሎ የጣለችው ሰው አጥንቱ ሲሰበር የሚያስጠራው ወጌሻ ነበር። በዋግ ውስጥ ጋዝጊብላን በመሰለ ተራራማ ገጠር ዛሬም ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የወጌሻን ደጅ ነው።

ሙያው አብዛኛውን ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ወጌሻው ያበጠውን ቦታ በጣቱ እየዳበሰ ስብራቱን ያገኛል። አንድ ሰው ከላይ አጥብቆ ይይዝለታል፤ እሱ ከታች ይስባል። አጥንቱ ሲገጥም የተሰነጠቀ ሸንበቆ ወይም ቀርከሃ ዙሪያውን ደርድሮ በጨርቅ ያስረዋል። ቤተሰብ በበኩሉ የአጃ ገንፎ፣ ወተትና መረቅ ያቀርባል።

ይህ ዘዴ መሠረቱ ትክክል ነው። አጥንት ራሱን ይጠግናል፤ ስብራቱ ላይ የፈሰሰው ደም ይረጋል፣ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ልም አጥንት መሰል ነገር ጫፎቹን ያያይዛል፣ ቀጥሎ ባሉት ሳምንታት ይጠነክራል። የቀድሞ ቅርጹን እስኪይዝ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈልጋል። ከሰው የሚጠበቀው አቅንቶ ማሰር፣ ማሳረፍና መመገብ ነው።

ከሸንበቆው ወደ ጀሶና ራጅ ስንመጣ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከተሰለፉት መካከል ዋግሹም ጓንጉል ከነዋግ ጦራቸው ነበሩ። ለቁስለኛው የሚሆን ሆስፒታል በአገሩ አልነበረም። ከጦርነቱ ወራት በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ልዑክ አዲስ አበባ ገብቶ ቁስለኞችን አከመ። ሐኪሞቹ የመጡት ከፒሮጎቭ አገር ነው፤ ፒሮጎቭ በክራይሚያ ጦርነት የወታደሮችን ስብራት በጀሶ ያሰረ የቀዶ ሕክምና ሰው ነው። በዚያው ዓመት (እ.ኤ.አ. 1896) ናፖሊ ውስጥ ከኢትዮጵያ ተመልሰው የመጡ የጣሊያን ቁስለኞች ራጅ ተነሡ። ሮንትገን የራጁን ጨረር ካገኘ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር።

ወጌሻው የሚጎድለው ግን ራጅ ብቻ አይደለም፤ ከታሰረ በኋላ የሚመጣውን አደጋ ማወቅም ነው። የተሰበረ እጅ ከታሰረ በኋላም ማበጡን ይቀጥላል፤ ሸንበቆው ግን አይላላም። ደም ሲቋረጥ ጣቶቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ይጠቁራሉ፣ ሥጋው ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መቁረጥ ነው። በቀላል ስብራት ወጌሻ ዘንድ የገባ ሕፃን እጁን አጥቶ ሲወጣ ማየት ያንገበግባል፤ ሊቀር የሚችል ጉዳት ነውና። ዶክተር መኮንን እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ አካባቢ ወጌሻዎች ከሠለጠኑ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጥ እጅና እግር በእጅጉ መቀነሱን አሳይተዋል። ወጌሻን ከማባረር ማሠልጠን ይሻላል የሚያሰኘውም ይኸው ነው።

እናንተም ቤት የታሰረ ሰው ካለ ጣቶቹን ጠዋት ማታ እዩ። ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ሕመሙ ከባሰ እስሩን ወዲያው ፍቱ። አጥንቱ ቆዳ በስቶ የወጣ እንደሆነ ደግሞ ወጌሻ ጋር ሳትሄዱ በቀጥታ ሰቆጣ፣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አድርሱት።