የባናባ ሰዎች በገዛ ገንዘባቸው ተሰደዱ

ወገኖቼ፣ ድንኳን ለምናውቅ ሰዎች ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ባናባ በፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል ያለች፣ 6 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሰፋ ደሴት ናት። ከ1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንግሊዞች ለማዳበሪያ የሚሆን ፎስፌት እየቆፈሩ አፈሯን በመርከብ አጋዙት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ጃፓኖች ሕዝቡን በየደሴቱ በተኑት።

ጦርነቱ አልቆ አገር ቤት እንገባለን ሲሉ፣ የእንግሊዝ ሹማምንት መንደራችሁ ፈርሷል ብለው በዲሴምበር 1945 አንድ ሺህ ያህል ሰው ፊጂ ውስጥ ወዳለችው ራቢ ደሴት ወሰዱ። ከባናባ 2,000 ኪሎ ሜትር ይርቃል። የአውሎ ነፋስ ወቅት ነበር፤ የጠበቃቸው ድንኳን ነው።

ራቢን ማን ገዛላቸው? ራሳቸው! በ1942 የተከፈለው ከፎስፌታቸው ድርሻ በተጠራቀመው ገንዘብ ነበር። እነሱ ራቢ ተቀምጠው፣ ባናባ ላይ ቁፋሮው እስከ 1979 ቀጠለ።

ዛሬም ፊጂ እየኖሩ፣ ባናባን በያዘችው በኪሪባቲ ፓርላማ የራቢ ማኅበረሰብ አንድ ወንበር አለው።